ከበሩ ወዲያ ያለው ሳቅ

ስልኩ ደጋግሞ ሲጮህ ድንቡሼ አነሳችው። እናቷ አልነቃችም። ትናንት መድኃኒቱን ወስዳ ከሐኪም ቤት ከመጣች ወዲህ እንቅልፏ እንደ ድንጋይ ከብዷል።

ማክሰኞ ከሰዓት ነበር፣ የስልክ ማኅበሩ ቀን። ካንሰር ይዟቸው ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሰዎች አንዲት ነርስ በአንድ መስመር ታገናኛቸዋለች። በመልክ አይተዋወቁም። ጡረታ የወጣ ሾፌር አለ፣ ልብስ ሰፊ ሴትዮ አለች፣ ፀጉር ሠሪ የነበረችው የድንቡሼ እናት አለች።

ድንቡሼ የሕፃንነት ስሟ ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥናለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ስልኩን ለእናቷ ታቀብልና በሩን ዘግታ ትወጣለች። የቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ከዚያ እናቷ ስትስቅ ከውጭ ትሰማለች። ያ ሳቅ ድሮ ፀጉር ቤቷ ሳይዘጋ መንገደኛ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ይሰማው የነበረ ሳቅ ነው። ለድንቡሼ የሚደርሳት ግን «ደህና ነኝ፣ ሂጂ አጥኚ» ብቻ ነው። ፀጉሯ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ሻሿንም እሷ ፊት ፈትታው አታውቅም። ሰው እናቱ እቤት ተኝታ እያለች ትናፍቀዋለች ቢባል ማን ያምናል? ድንቡሼ ግን ናፍቃት ነበር።

«ፀጉር ሠሪዋ አለች?» አለች ነርሷ።

ተኝታለች ማለት ነበረባት፤ አፏ እምቢ አለ። ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። መናገር ያቃተው ሰው ስልኩን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ አለሁ፣ እሰማለሁ ማለቱ ነው፣ ሌላ አይጠየቅም። እናቷ ድምጿ የጠፋ ሰሞን፣ ድንቡሼ ስልኩን አቀብላት ሳትወጣ፣ እንደዚያ ስታደርግ አይታለች።

ድንቡሼ ጥፍሯን አነሳችና ኳ፣ ኳ አደረገች።

«አለች» አለች ነርሷ።

ወሬው ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንዳቃታት ተናገረች። ሾፌሩ ደግሞ እሱ ድሮም መላጣ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያረግፈው አጥቶ ግራ ሳይገባው እንደማይቀር አወራ። ድንቡሼ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። ለካ እናቷን የሚያስቃት ይሄ ነው።

ከዚያ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ፀጉር ሠሪዋ፣ ዛሬ ካቃተሽ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ለልጅሽ ነገርሻት? ‹ይሄን የቀረውን ፀጉሬን ልጄ ብትላጨኝ እወድ ነበር፣ ግን ትደነግጥብኛለች› እያልሽ እስከ መቼ ነው? የኔዋ በሷ ዕድሜ መኪና ሥር ገብታ ዘይት ትቀይርልኝ ነበር እኮ።»

ሁሉም መልስ ጠበቁ። ጥፍሯ ስልኩ ላይ ነበር። አላንኳኳችም። ወሬው ለሷ የመጣ አልነበረም፣ የእናቷ ነው። ስልኩን ዘጋችው።

እናቷ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነቃች። መጀመሪያ ሻሿን አስተካከለች።

«ማክሰኞ አይደል እንዴ? አልደወሉም?»

አልደወሉም ብትል ያልፋል። ሻሹም እንደታሰረ፣ በሩም እንደተዘጋ ይቀጥላል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ እናቷ ምስጢሬ ተሰረቀ ብላ ማኅበሩን ብትተወውስ? ያ ሳቅ ከበሩ ወዲያም ቢጠፋስ?

«ደውለው ነበር» አለች እግሯን እያየች። «ተኝተሽ ነበር። አንቺን ሆኜ አንኳኳሁ። ሾፌሩ ስለ ፀጉርሽ ያለውን ሰማሁ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድንቡሼ ቁጣ ጠበቀች፤ ቁጣ ቢመጣ በወደደች። በሩ ክፍት ነው፣ ወጥታ መሄድ ትችል ነበር።

ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የፀጉር ቤቱ ቶንዶስ፣ የኤሌክትሪክ መላጫው፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይዛው መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ቶንዶሱን አምጥቻለሁ» አለች። «ካልፈለግሽ እመልሰዋለሁ።»

እናቷ አልዞረችም። ቆይቶ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ፤ ጥፍሯ የአልጋውን እንጨት ሁለት ጊዜ መታ።

ድንቡሼ ሶኬቱን ፍለጋ ጎንበስ አለች።