ባለቤት ያለው ማሊያ

ልጅቷ በጀርባዋ ስትወድቅ የወለሉ ድምፅ እስከ ላይኛው መቀመጫ ድረስ ተሰማ። ማኬና ሳታስበው ብድግ አለች።

እሷ በምትማርበት በኢንዲያናው ትንሽ ከተማ፣ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አንዲት ተጫዋች ከወደቀች አራቱ ሮጠው ያነሷታል። ሁለቱ እጇን፣ ሁለቱ ብብቷን ይዘው። ያልሮጠች ሜዳውን ሃያ ጊዜ ትዞራለች፤ ልቅሶ አያድናትም። ማኬና ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ይህን ስለለመደች፣ እንግዳ ሆና በተቀመጠችበት እንኳ እግሯ ቀድሟት ተነሣ።

እዚህ ትልቅ ኮሌጅ ውስጥ ግን ማንም አልሮጠም። አንዷ ካልሲዋን ሳበች። ሌላዋ ውሃ ጠጣች። የቀሩት ሁለቱ ጥፍራቸውን አዩ። የወደቀችው ልጅ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች፣ መዳፏን በቁምጣዋ ጠረገችና ቦታዋ ላይ ቆመች። ልምምዱ ቀጠለ። ሁለት ጊዜ ተከላካይ አጠገቧ ሳይኖር እጇን አነሣች፤ ኳስ የሰጣት የለም።

«አየሃት አባዬ?»

«ማንን?» አባቷ ሮይስ ፈንዲሻውን እያፈሰ ጣራ ጣራውን ያያል። «ይሄን መብራት ተመልከቺማ! የኛ ከተማ በሙሉ በዚህ ይበራል እኮ።»

በሮይስ አትፍረዱ። ሃያ ሁለት ዓመት የበቆሎ ጎተራ ውስጥ አቧራ ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። ወገቡ አልቋል። ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ ልጁን በአሮጌ ፒካፕ ከውድድር ውድድር ሲያመላልስ ፀጉሩ ሸበተ። አሁን አንድ ትልቅ ኮሌጅ ልጅህን እንፈልጋታለን ብሎ ሲጠራው፣ ሆቴል ይዞ ስቴክ ሲያበላው፣ የወደቀች ልጅ የሚያይበትን ዓይን ከየት ያምጣ?

እንግዳ ተጫዋች ስትመጣ ከቡድኑ አንዷ ታስተናግዳታለች። ማኬናን እንድታስተናግድ የተመደበችው ታሚያ ነበረች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የሜምፊስ ልጅ፣ ቁመቷ በር የሚሞላ፣ አፏ የማያርፍ። በመጀመሪያው ሰዓት የማኬናን ጫማ ሰድባ፣ በሁለተኛው ሰዓት የራሷን ሹራብ አልብሳታለች። ውጭው የኅዳር ብርድ ነበር።

«አንቺ የገበሬ ልጅ» አለቻት ምሳ ላይ፣ የዶሮ ክንፉን ወደ እሷ እየገፋች። «ብዪ እንጂ! እንዲህ ከስተሽ በንፋስ ትወሰጃለሽ።»

«አባቴ ገበሬ አይደለም።»

«በቆሎ በቆሎ ትሸቺያለሽ ግን።»

ማኬና ሳቀች። ከዚያ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠውን ጠየቀች። «ቅድም የወደቀችው ማናት?»

ታሚያ ጣቷን መላሷን አቆመች። «ብሪያ ናት። ባለፈው ፀደይ ከሌላ ኮሌጅ ነው ያስመጧት።»

«ለምን አላነሣችኋትም?»

«በዓመት መቶ ሰማንያ ሺህ ዶላር የሚከፈላት ሰው ራሷን ማንሣት ያቅታታል?»

ይህን ያለችው ፈጠን ብላ ነው። ከአፏ ሲወጣ ግን ለራሷም ሳይቀፋት አልቀረም፤ የያዘችውን ክንፍ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«አቦ፣ እንዳትታዘቢኝ» አለች። «ድሮ፣ ለኮሌጅ ተጫዋች መክፈል ሳይጀመር፣ እንዲህ አልነበርንም። አምና አንዷ የውሏን ፎቶ ለእናቷ ልልክ ብላ በስህተት የቡድኑ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ወዲያው ብታጠፋውም ሁላችንም አይተነዋል። ከዚያ ‹ያንቺስ ስንት ነው? ያንቺስ?› ተባባልን። አሁን አንዷ ኳስ ስትስት ሁላችንም በልባችን ዋጋዋን እናስባለን። እሷም እንደምናስብ ታውቃለች።»

«ባይከፈላችሁ ይሻል ነበር?»

«ምን በወጣኝ!» ታሚያ ጠረጴዛውን መታችው። «እኔ እዚህ ስገባ ማሊያዬን ሱቅ ውስጥ ይቸበችቡት ነበር፣ ለኔ ሳንድዊች ነው የሚሰጡኝ። አሰልጣኟ ሐይቅ ዳር ቤት ሠራች። ይክፈሉ እንጂ! የኔ ጥቂት ናት፣ ግን ወድጄ ነው የምቀበላት። ብቻ…» ድምፅዋ ወረደ። «ብቻ እዚህ የሚቆይ ሰው የለም። በሦስት ዓመት አሥራ ስምንት ልጆች መጥተው ሄደዋል። ፀደይ በመጣ ቁጥር ስም ማጥናት ነው ሥራዬ። አንዳንዷን ሳላጠናት ትሄዳለች።»

ከምሳ በኋላ መልበሻ ክፍሉን አሳየቻት። ሎከሮቹ፣ ማለት የልብስ ሣጥኖቹ፣ ከከባድ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ከየሎከሩ በላይ ድሮ የተጫዋቿ ስም ይቀረጽ እንደነበር ያስታውቃል፤ ቦታው ተልጎ ለስልሷል። አሁን እዚያ ላይ ቀጭን ብረት ተመትቶ ስሙ በማግኔት ላይ የተጻፈ ነው፤ በአንድ እጅ ይለጠፋል፣ በአንድ እጅ ይነሣል። ጥጉ ላይ የካርቶን ሳጥን ነበር። ማኬና አጎንብሳ አየችው። የተነሡ ስሞች ናቸው። ማንም አልጣላቸውም፣ ማንም አልፈለጋቸውም።

«ነይ፣ ፎቶ!» አለች ታሚያ እጇን እየጎተተች። «ያለ ፎቶ የሚመለስ እንግዳ የለም።»

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ማሊያ አዘጋጅተው ጠበቋት። ማኬና በላከችው ቅጽ ላይ የምትፈልገውን ቁጥር ስትጠየቅ የለመደችውን አሥራ አራትን ሞልታ ነበር። የሰጧትም አሥራ አራት ነው።

«ያ የኔ ቁጥር ነው!» ታሚያ ሳቀች። «ችግር የለም፣ ለፎቶ እንግዳ ሁሉ ይለብሰዋል። ቅደጂውና እገልሻለሁ ብቻ።»

ማኬና ለበሰችው። ትከሻው ልክ ነው፣ ርዝመቱም ልክ ነው። ታሚያ ከእሷ በአንድ ስንዝር ትበልጣለች።

«ኧረ! የኔማ ቢሆን ቀሚስ ይሆንሽ ነበር» አለች ታሚያ። አንገትጌውን አስተካከለችላት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አሰረችላት። «ሳቂ! ጥርስሽን ያበደርሽው ሰው አለ?»

ማኬና ሳቀች፤ ብልጭታው አሳወራት። ለእሷ የተሰፋ ማሊያ እንደለበሰች ግን ገብቷት ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አሰልጣኝ ሆልብሩክ አባትና ልጅን ቢሮዋ አስገባች። የማትጮኽ ሴት ናት። ሰው ጠጋ ብሎ እንዲሰማት ዝግ አድርጋ ነው የምታወራው።

«አሥራ አራት ቁጥር ያምርብሻል» አለች።

«የታሚያ ነው እኮ።»

«እስከ መጋቢት የእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ያንቺ።»

የውሉን ወረቀት ወደ ሮይስ ገፋችለት። ሮይስ መነጽሩን አደረገ። አነበበ፤ እንደገና አነበበ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያራዝመው የኖረው የወገብ ቀዶ ሕክምና፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈሰው ጣራ፣ ሁሉም እዚያች ወረቀት ላይ ነበሩ። ሮይስ አላለቀሰም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

«ታሚያ ታውቃለች?» አለች ማኬና።

«ውድድሩ ሲያልቅ ታውቃለች። የሚከፍሉልን ደጋፊዎች ውጤት ይፈልጋሉ፤ ለሷ ቦታ አላገኘሁም። አሁን ከነገርኳት ደግሞ እግሯ አይሮጥልኝም።» አሰልጣኟ ፈገግ አለች። «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ከወጣ፣ ወረቀቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።»

«ወዴት ትሄዳለች?»

«ሁሉም የሆነ ቦታ ይገባል፣ የኔ ልጅ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት መልስሽን እጠብቃለሁ። ስድስት ካለፈ ኦሃዮ ላለችው ልጅ እደውላለሁ።»

ሆቴል ሲመለሱ ሮይስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወገቡን ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ አሮጌ በር እንደሚዘጉ ቀስ ብሎ።

«ስለ ልጅቷ እያሰብሽ ነው» አለ።

«አዎ።»

«የማናውቃት ልጅ ናት፣ ኬና።»

«ሹራቧን ለብሻለሁ እኮ አባዬ።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «እኔንስ በየትኛው መጋቢት ነው የሚያነሡኝ?»

ሮይስ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫማ ፈታ። «ለኔ ብለሽ እንዳትፈርሚ» አለ። ሁለተኛውንም ፈታ። «ለኔ ብለሽም እንዳትተዪ።»

ይህን መናገር ምን ያህል እንደከበደው እሷ ታውቃለች። እንደዚያ ባይል ይቀላት ነበር።

እሑድ ረፋድ ታሚያ ልትሰናበታቸው ሆቴሉ በር ላይ ቆማ አገኟት። በኪሷ የብረት ሜትር ይዛለች።

«ጋሼ ሮይስ፣ መኪናው ውስጥ ለአንድ ረጅም ሰው ቦታ አለ? በመንገዳችሁ ላይ ጣል አድርጉኝ። ማኬና፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

የወሰደቻቸው ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለ ቢጫ ቤት ነው። እድሳት ላይ ስለነበር ባዶ ነው፤ በሩም ክፍት። በዚያ ከተማ የመጪውን ዓመት ቤት በኅዳር ያልያዘ ተማሪ ነሐሴ ላይ ሜዳ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ገና በብርዱ ይሻማል። ሮይስ ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናው ውስጥ ቀረ። ልጆቹ ገቡ። ውስጡ አዲስ ቀለም ይሸታል።

«የኪራዩን ውል ነገ ጠዋት እፈርማለሁ» አለች ታሚያ። ድምፅዋ በባዶው ቤት ውስጥ ያስተጋባል። «ለመጨረሻ ዓመቴ። እናቴና ታናሽ እህቴ ከሜምፊስ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። እህቴ አሥር ዓመቷ ነው፤ እኔ ስጫወት በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኗ አይታኝ አታውቅም። ማሰብ ትችያለሽ? እናቴ ያላትን በሙሉ ለመያዣው ላከችልኝ። አከራዩ አንዴ ከተፈረመ ሳንቲም አይመልስም፣ እባብ ነው፤ ግን ምን አገባኝ፣ የት እሄዳለሁ?»

የማኬና ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣችው። አሰልጣኟ ናት። «እየጠበቅሁሽ ነው» ይላል፤ ከጎኑ ትንሽ ቀይ ልብ። አምስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

«ፍቅረኛ ነው?» ታሚያ አንገቷን አሰገገች።

«አይደለም።»

«ፊትሽ ግን ልክ እንደተከዳች ሴት ሆነ። ነይ ይልቅ፣ ይሄን ጫፍ ያዢልኝ። የእህቴ አልጋ እዚህ ይገባ እንደሆነ ልለካ።»

ማኬና የሜትሩን ጫፍ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ደገፈችው። ታሚያ ሜትሩን እየዘረጋች ወደ መስኮቱ ወደ ኋላ ሄደች፤ እያንጎራጎረች፣ የመጋረጃውን ቀለም ለብቻዋ እየመረጠች። ቢጫ ይሁን አለች። ቢጫ ልጅ ያስቃል አለች። ከመስኮቱ ማዶ የሮይስ ፒካፕ ነጭ ጭስ ይተፋል። ሮይስ አንገቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ያያል። ልጁን በመስታወቱ ውስጥ አያት። ከዚያ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ማኬና የብረቱን ጫፍ አጥብቃ ያዘችው።

«ታሚያ።»

«ሁለት ሜትር ከ… ኧረ አታንቀሳቅሺው!»

«ነገ እንዳትፈርሚ።»

ታሚያ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ገና አልወረደም፤ ቀልድ እየጠበቀ ነበር።

«ለምን?»

ማኬና ስልኩን በግንባሩ ወለሉ ላይ ደፋችው፣ ጫፉን ሳትለቅ መናገር ጀመረች።