ዑበይዳ ድልድዩን የዘጋ ዕለት

ዑበይዳን መጀመሪያ ያየሁት ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ነው። ከመካነ ሰላም የተነሳንበት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ተቀርቅሮ ወንዱ ሁሉ ሲገፋ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ብቻውን ጎንበስ ብሎ መንገዱን በሜትር ይለካል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የማይገፋ ሰው ሳይ አፌ አያርፍም። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት።

«ቦዩ የቱ ጋ እንደተደፈነ እያየሁ ነው» አለኝ። «የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ።»

«በየሳምንቱ የምንረግመው አንተን ነው ለካ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ዓይኑ ላይ ድካም ነበረ፤ ቁጣ ግን አልነበረም። የአቀስታ ልጅ መሆኑን፣ ከመጣም ገና ዓመት እንዳልሞላው የነገረኝ መኪናውን እየገፋን ነው። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። ሌላው ወንድ ስለ ዓይኔ ሲያወራልኝ እሱ የሚያወራኝ ስለ ድልድይ ነበር። ወደድኩት፤ ምን ይደረግ።

ድልድዩ የእሱ ቢሮ ለእኛ መንደር የሚያሠራው ነው። አባቴ ሸህ ጀብሪል ቁርኣን የሚያቀሩባት መንደር ከዋናው መንገድ በወንዝ ተቆርጣ የቀረች ናት። እናቴ ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ሲያወርዷት ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ እንደተኛች አለፈች። አባቴ ከዚያ ወዲህ እግራቸውን እዚያ ውሃ ውስጥ አግብተው አያውቁም። ድልድዩ ሲጀመር ግን ደረሶቻቸውን፣ የቁርኣን ተማሪዎቹን፣ አስከትለው ድንጋይ ሲያቀብሉ ከረሙ።

ዑበይዳ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ እንደ ወጉ ወዲያው መልስ አልሰጡም፤ ቀጠሮ ሰጡ። ቀጠሮውም ድልድዩ የሚመረቅበት ቀን ሆነ። «በመኪና ደጄ ድረስ ኑ» አሉ። በዕድሜያቸው አንድ እንግዳ በመኪና ደጃቸው ደርሶ አያውቅማ።

ቀኑ በጥቅምት ነው፣ ጠዋት። በጉ ታርዷል፤ ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ይወርዳል፤ መንደሩ በሙሉ ወንዙ ዳር ቆሞ የዞኑን እንግዶች ይጠብቃል። ዑበይዳ ከወዲያ ማዶ መጣ። በድልድዩ ላይ አልነበረም የመጣው፤ ሱሪውን ሰብስቦ በታች በኩል ውሃውን ተሻገረ። ማንንም ሳያናግር ትልልቅ ድንጋይ እየተሸከመ የድልድዩን አፍ ይዘጋ ጀመር። ድቤው ቆመ።

«ውሃው ሲጎድል ትናንት ታች ወርጄ አየሁት» አለ፣ ሲጨርስ። «የመካከለኛው ምሰሶ ሥሩ ተበልቷል። መሠረቱ ዐለት ሳይደርስ ነው የቆመው። ሥራ ተቋራጩ ደርሷል ሲለኝ ወርጄ ሳላይ አመንኩት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ዛሬ መኪና ካለፈበት ግን ሰው ይሞታል።»

ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ጉልበታችንን በላችሁት» አለ፤ ሌላውም ሁሉ ረገመው። ዑበይዳ አባቴ ፊት ቀርቦ «ሸህ፣ አፉ ይበሉኝ» ብሎ ይቅርታ ብቻ ጠየቀ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ቤት ሄዱ። እሱም ወደ እኔ ሳያይ ውሃውን ተመልሶ ገባ፤ የወዲያኛው አፍ ገና አልተዘጋም ነበር።

እኔ ሲሻገር እያየሁት ዳር ላይ ቀረሁ። የሚያጣውን ሁሉ ያውቃል፣ እያወቀ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ሰው በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ማፍቀሬን ረስቼ ፈራሁት።

አሱር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ሲቃረብ ሽማግሎቹ መጡ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል። መልስ ሳይሰሙ አይቀመጡምና በሩ ላይ ቆሙ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ አልታዬ፣ የዑበይዳ አባት ጎረቤት፣ ክርስቲያን ናቸው። የዑበይዳ አለቃ ስልክ ደውሎ «እንግዶቹ እስኪመለሱ ክፈተው፣ ነገ ትዘጋዋለህ» እንዳለው፣ እምቢ ሲል «ከነገ ጀምሮ ቢሮ እንዳትመጣ» እንደተባለ፣ የዞኑም መኪኖች ከመንገድ እንደተመለሱ ተናገሩ።

«ልጄን እንደማልሰጠው አላሰበም?» አሉ አባቴ።

«አስቧል። እንቅር ወይ ስንለው፣ ቀጠሮ ይከበራል ሂዱ አለን። ሲለን ግን ያለቅስ ነበር።»

 የአባቴ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆመ።

«እናቷ ያለፈች ጊዜም» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሠራል፣ ደርሷል፣ ሊያልቅ ነው የሚለን ሹም ሞልቶ ነበር። አልደረሰም ብሎ በአፉ የነገረን ይሄ ልጅ ነው።» ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞር ብለው ፈቃዴንና መህሬን፣ ሙሽራው የሚሰጠኝን ጥሎሽ፣ ጠየቁኝ።

«እሺ ብያለሁ» አልኩ። «መህሬም ይሄ ድልድይ ነው። ቢያባርሩትም ምሰሶው እስኪስተካከል ድረስ አቤት ማለቱን እንዳይተው።»

ጋሽ አልታዬ ሳል ያዛቸው፤ ሳቅም ይሆናል። አባቴ ልጁ የት እንዳለ ጠየቁ። ሲመሽ የጭነት መኪና ጨለማ ለብሶ እንዳይገባበት ድልድዩን እየጠበቀ ነው አሏቸው፤ የሚተካው ሰው የለም።

«እንግዲያው ኒካሁ እሱ ዘንድ ይሄዳል፤ ጋብቻው እዚያው ይታሰራል» ብለው ተነሱ።

ሰው ሁሉ ተከተላቸው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አባቴ ትንሽ ቆሙ። ጋሽ አልታዬ እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ ያዙትና እናቴ ያለፈችበትን ውሃ ገቡበት። እኔ ከሕዝቡ ጋር ከወዲህ ቀረሁ። ውሃው ጉልበታቸውን አልፎ ሲወጣ አየሁ።

ማዶ የተባለው ለእኛ አይሰማም። አባቴ ሲናገሩ፣ ዑበይዳ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ሰምቶ ሲነሳ፣ ፊቱን በእጁ ሲሸፍን አየሁ። ምሰሶውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ለኒካሁ እጁን ለአባቴ ሰጠ። አባቴ ለዱዓ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ጠዋት የረገመው ሕዝብ ሁሉ የማይሰማውን ዱዓ ከኋላዬ «አሚን» አለ።