የአባቷ አስተርጓሚ

ሩመይሳ አባቷን የምትዋሸው ስለምትወዳቸው ነበር። ለራሷም ደጋግማ የምትነግረው ይህንኑ ነው።

አቶ አብዱልፈታ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ ስዋሂሊያቸው ግን ከሰላምታና ከዋጋ አላለፈም። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የምታስተረጉምላቸው አንድያ ልጃቸው ናት። እሷም መልካም መልካሙን ታሻግራለች፣ ክፉ ክፉውን ታስቀራለች።

በዚያ ሰኞ የሰፈራቸው የቤተሰብ ክሊኒክ አዲስ ሐኪም ጠበቃቸው። ሱፍዋን ይባላል። ወጣት ነው፤ ሲያዳምጥ ሰው አያቋርጥም። የአባቷን ግራ እግር አገላብጦ አየና በስዋሂሊ ተናገረ። ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሏል፣ የተረከዛቸው ቁስል እየሰፋ ነው፣ ኢንሱሊን ቶሎ ካልጀመሩ እግራቸው ሊቆረጥ ይችላል።

«ምን አለ?» አሉ አባቷ።

«ሻይ ላይ ስኳር ይቀንሱ፣ ቁስሉ ይድናል አለ።»

ሱፍዋን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ትክ ብሎ አያት። ቁስሉን በእጁ አጥቦ አሰረላቸው። ሊወጡ ሲሉ ግን እሷን በሩ ላይ አስቀራት።

«እናቴ የደሴ ልጅ ናት» አላት በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገ። «እኔ እዚህ ተወልጄ... መናገር ይከብደኛል። መስማት ግን ሁሉንም እሰማለሁ።»

የሩመይሳ ፊት እሳት መሰለ።

«እና ምን ይሁን? እናቴ በሽታዋን በነገርኳት ሳምንት እህል አልቀምስ እንዳለች አረፈች። ሁለተኛ አላደርገውም!»

«ፖሌ ሳና» አለ፤ ከልቡ አዝኗል። «ግን እግሩ የእሱ ነው። እስከ ሐሙስ ንገሪው። ካልሆነ እኔ እነግረዋለሁ፣ በዚህ በተሰባበረ አማርኛዬ።»

«መጀመሪያ ‹እሳቸው› ማለት ልመድ!» ብላው ወጣች።

ማክሰኞ አልቻለችም። ረቡዕ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ከሥራ ወጥታ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሳለች ስልኳ ጮኸ፤ ሱፍዋን ነው።

«ቁስሉ እንዴት ነው?»

«አንተ አባትህ ቢሆን ትነግረው ነበር?»

 ማታቱው ሁለት ፌርማታ ካለፈ በኋላ መለሰ።

«አባቴን በሽታውን ደበቅነው። እሱ አውቆ ነበር። ማወቁን የሰማነው ከሞተ በኋላ ነው፣ ከጎረቤት። ሩመይሳ፣ ብቻውን ነው የፈራው።»

 ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና አለቀሰች።

ሐሙስ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። መቆረጡንም አላስቀረችም።

አቶ አብዱልፈታ ራሷን ዳበሷት።

«ካልሲዬን የማወልቀው እኔ አይደለሁም እንዴ? አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እኮ ዝም ያልኩት። በይ ተነሽ። መርፌ ነው? መርፌ ምን አባቱ!»

እያለቀሰች ሳቀች።

ቁስሉ ደረቀ፤ ሦስት ወር ፈጀ። ከዚያ ክሊኒኩ ስኳር ላለባቸው ባዘጋጀው የቅዳሜ የእግር ጉዞ አባትና ልጅ ተመዘገቡ። አባቷ ከፊት ከእኩዮቻቸው ጋር እያወጉ ይሄዳሉ፤ ሩመይሳና ሱፍዋን ከኋላ ይቀራሉ። እሷ አማርኛውን ታርማለች፣ እሱ ሆን ብሎ ይሳሳታል። ሩመይሳ ከማክሰኞ ጀምራ ቅዳሜን መጠበቅ አመጣች።

አንድ ቅዳሜ ግን «ከሰኞ ጀምሮ አባትሽን የምታያቸው ዶክተር ኤልሳቤት ናት። ፋይላችሁን ሰጥቻታለሁ» አላት።

ቅስሟ ስብር አለ። «ሰለቸንህ?»

ከፊት የሚሄዱትን አባቷን አየ። «ሰኞ... አባትሽ ባሉበት እመልሳለሁ።»

ሁለቱን ቀን ስትብከነከን ከረመች።

ሰኞ፣ ዶክተር ኤልሳቤት አባቷን አይታ ስትወጣ ሱፍዋን ገባ። ነጭ ጋውኑን አልለበሰም። ፊታቸው ተቀምጦ ያጠናውን አማርኛ ጀመረ፤ «እኔ... እርስዎን...» ብሎ ጠፋበት። ላቡን ጠርጎ በስዋሂሊ ቀጠለ። ብዙ ተናገረ። የሩመይሳ ዓይን መሬት ላይ ቀረ።

«ምን አለ?» አሉ አባቷ።

ማሳጠር ትችል ነበር፤ ለምዳዋለች። አየር ሳበች።

«ሐኪምዎ ሆኜ ልጅዎን መጠየቅ ነውር መሰለኝ፣ ፋይሉን ያስረከብኩት ለዚያ ነው ይላል።» ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ቀጠለች። «ከእሷ ወዲህ ከቅዳሜ ሌላ ቀን ያለ አይመስለኝም ይላል። አጎቶቼን ለሽማግሌ ብልክ በርዎን ይከፍቱልኛል ወይ ይላል።»

«ጨረስሽ? ያስቀረሽው የለም?»

«አንድ አለ... እምቢ ብትለኝም የእግርዎን ነገር መጠየቅ አልተውም ብሏል።»

አቶ አብዱልፈታ ጺማቸውን ዳሰሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እኔማ በእግሬ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። የሚጠየቀው ግን አንቺ ነሽ። እስቲ አሁን የራስሽን ተናገሪ፤ እሱም ይሰማል፣ እኔም እሰማለሁ።»

ሩመይሳ በዚያ ክፍል ውስጥ የሰው ቃል ስታመላልስ እንጂ የራሷን ተናግራ አታውቅም። ቀና ብላ አየችው።

«ይምጡ» አለች።