ሙሽሪትን ጥየቃ

«ጎህ» የምትባለው መርከብ ከሳተርን ጥላ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የመርከቧ አዳራሽ የዓሣ ገንዳ አራተኛ መስታወት ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ። የገንዳው ጠባቂ የዝና ይህን ያየችው ምግብ ልትበትን መጥታ ነው። ከአዳራሹ ጣሪያ የሚወርደው ብርሃን በመስታወቱ ጥግ ሾልኮ ገብቶ አሸዋው ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት ጥሏል። ቆሮሶ ዓሦቹ ብርሃን አገኘን ብለው ድንበራቸውን አልፈው መጥተዋል። ሙሽሪት ግን የለችም።

የለችም ማለት አለች፤ የሸክላ ቱቦዋ ውስጥ ገብታ ተወሽቃለች። ዘሯ ከባሮ ወንዝ ነው። አገጯ ጣት መስሎ ወደ ፊት የወጣ፣ ብርሃን የምትጠላ፣ በጨለማ ብቻ የምትንቀሳቀስ ዓሣ ናት። ዓይኗ ብዙም አይረዳትም፤ ከጅራቷ አጠገብ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት እየላከች ነው ዙሪያዋን የምታውቀው። እንዲህ ያለችውን ዓይናፋር ከሌሎች ዓሦች ጋር በአንድ ገንዳ ማኖር ራስ ምታት ነው። የዝና ገንዳውን ለሁለት ከፍላ፣ ለቆሮሶዎቹ የብርሃኑን ወገን ሰጥታ፣ ለእሷ የጨለማውን ትታ፣ በትል እያባበለች ሰባት ዓመት አኑራታለች። የጨለማው ወገን መስታወት ጽልመቴ ይባላል፤ ከውጭ የቆመ ሰው ዓሣዋን አጥርቶ ያያል፣ ወደ ውስጥ ግን ብርሃን አያልፍም። ስለዚህ የመርከቧ ሰው ምሳውን በልቶ ሲመለስ ሙሽሪት ስትንሸራሸር ቆሞ ይመለከታል፣ እሷ ደግሞ ማንም እንዳላያት ታምናለች።

ያ ሳምንት ደግሞ እንደ ሌላው ሳምንት አልነበረም። ሙሽሪት እንቁላል ይዛለች። ወንዱ ባለፈው ወር ሞቷል፤ ዘሩ ላቦራቶሪ ውስጥ በበረዶ ተቀምጧል። እስከ ዓርብ በጨለማ ውስጥ እንቁላሏን ከጣለች ዝርያው ይተርፋል። ካልጣለች፣ ከሷ ቀጥሎ ያለችው ዘመዷ የዘጠኝ ዓመት መንገድ ርቃ ምድር ላይ ናት፣ ያውም ካለች። የዝና ከዚህ እርግዝና ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም።

የመስታወት ባለሙያው ኦባንግ ተጠርቶ መጣና ጥጉን በጥፍሩ ነካካው።

«የመስታወቱ ልባስ ሞቷል፤ በአዲስ መስታወት ላይ ሌላ ማብቀል አለብኝ» አለ።

«በስንት ቀን?»

«ከሐሙስ በፊት ብልሽ ዋሸሁሽ።»

ሙሽሪትን ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር አይታሰብም፤ እንቁላል የያዘችን ከቦታዋ ማንሳት መግደል ነው። የዝና ከመኝታዋ ብርድ ልብስ አምጥታ መስታወቱ ላይ ጣለች። ቆሮሶዎቹንም በመረብ ወደ ወገናቸው መለሰቻቸው። አራት ቀን ምን አላት፣ ያልፋል ብላ ራሷን አጽናናች።

እማማ ዘነቡ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሲመጡ ብርድ ልብሱን አይተው ቆሙ። ከመርከቧ ሰው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

«የዝናዬ፣ ሙሽሪት ምን ሆነች? ምነው ሸፈንሻት?»

«ትንሽ አሟት ነው እማማ።»

ይህን ያለችው እንዲተዋት ብላ ነው። የተሳሳተችውም እዚህ ላይ ነው። ተኝታለች ብትል፣ ሥራ ላይ ናት ብትል፣ አኩርፋለች ብትል እንኳ ሰው ይተዋት ነበር። በጎህ ላይ ግን ታመመ የተባለን ሳይጠይቁ ማደር ነውር ነው። የዝና ይህን አታውቅም እንዳይባል እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። እናቷ የታመመች ጊዜ ሰው አልጋውን ከብቦ ከመብዛቱ የተነሣ እሷ ራሷ ለመግባት ወረፋ ጠብቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ ሞላ። ወንበር መጣ። ብርቱካን መጣ፤ ሙሽሪት ብርቱካን እንደማትበላ የሚያውቁትም ባዶ እጃቸውን መምጣት አላስቻላቸውም። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ ያደርጋል፣ «አንዴ ብቻ ዓይኗን ልይ» ይላል፣ ከዚያ መዳፉን መስታወቱን በያዘው የብረት ክፈፍ ላይ ያሳርፋል።

«ማርያም ትማርሽ።»

«አላህ ያሽርሽ።»

«አይዞሽ፣ ይህም ያልፋል።»

የዝና የምትገባበት ጠፋት። አንዱን ስትመልስ ሌላው በጎኗ ያልፋል። በጆሮዋ የሰካችው ማዳመጫ የዓሣዋን ምት ወደ ድምፅ የሚቀይር ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ዝግ ያለ ጠብ ጠብ የሚለው ምት አሁን ዶፍ ሆኗል። ፈርታለች አለች የዝና በልቧ፣ በጣም ፈርታለች።

የእድሩን ሊቀ መንበር ጋሽ ጥላዬን ከሰው መሐል ስባ አወጣቻቸው።

«ጋሽ ጥላዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ሰዉን ይመልሱልኝ። የሚያስፈልጋት ጨለማና ብቻዋን መሆን ነው።»

«ብቻዋን?» ጋሽ ጥላዬ ክው አሉ። «ታማ ብቻዋን? ምን ወጥቷት!»

«ሰው አይደለችም እኮ።»

«ባትሆንስ? እኛ ሰው ነን።»

ጋሽ ጥላዬ ክፉ ሰው አይደሉም። የልጅቱን ፊት አይተው ሆዳቸው ባባ፣ ሊረዷትም ቆረጡ። ማክሰኞ ጠዋት በአዳራሹ በር ላይ የጥየቃ ተራ ተለጠፈ፤ ሰው እንዳይጨናነቅ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ነዋሪዎች በአሥር በአሥር ተከፋፍለዋል። ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ቀረ። አዳራሹ ባዶ የሚሆንበት ሰዓትም አብሮ ቀረ።

የዝና ወደ ካፒቴኗ ሄደች። ካፒቴን ሐዊ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፣ ስለ እንቁላሉ ሲነገራት ደነገጠች፣ በሩን አዘጋለሁ አለች። «ግን አስቀድሜ እኔ ራሴ ልጠይቃት። ካፒቴኗ እሷ ሳትጠይቅ በር ዘጋች ከተባለ ሰው ምን ይለኛል?» ከሰዓት በኋላ ከአራት መኮንኖች ጋር መጣች፣ አምስቱም መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። ስትወጣ በር ላይ የቆሙትን አሮጊቶች አየችና ዓይኗን ሰብራ አለፈች። በሩም ሳይዘጋ ቀረ።

ረቡዕ ሙሽሪት ትሉን አልነካችም። የዝና ከገንዳው ሥር ተቀምጣ ማዳመጫውን ይዛ ዋለች። ሰው እየመጣ እሷንም ያጽናናል፣ ጀርባዋን ያሻሻል፣ በአፏ ያጎርሳታል። ልትጮህባቸው አፏን ስትከፍት ጉርሻ ይገባበታል። የሚጠላ ሰው ቢሆን ትጣላው ነበር፤ እንዲህ ከሚወድ ሕዝብ ጋር እንዴት ተደርጎ እንደሚጣሉ ማንም አላስተማራትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ምቱ ዝግ አለ። መጀመሪያ ደስ አላት፣ ተረጋጋች ብላ። ቀጥሎ መሐል መሐሉ ይቋረጥ ጀመር። ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽሪት ከቱቦዋ ወጣች፣ በጎኗ ሆና። ሆዷ እንደ ሞላ ነበር። ኦባንግ አዲሱን መስታወት በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ የዝና ክንዷን እስከ ብብቷ ውኃ ውስጥ ነክራ ዓሣዋን በመዳፏ ይዛ ታለቅሳለች። ከሆዷ የወጡት እንቁላሎች በላቦራቶሪው ቢመረመሩ አንድም ደህና አልተገኘም።

የገንዳውን መዝገብ የከፈተው ኦባንግ ነው። ጥፋቱ የመስታወቱ ይሁን አይሁን ማወቅ ፈልጎ ነበር። ሲያየው ቆየና የዝናን ጠራት።

«ፍርሃት አይደለም። ነይ እዪ።»

በእጁ በያዘው ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። የላይኛው ከልብ ነጋሪዎች የመጣ ነው። ልብ ነጋሪ በእያንዳንዱ ነዋሪ የእጅ አንጓ ቆዳ ሥር የምትቀመጥ ቅንጣት ናት፤ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ለክሊኒኩ ትነግራለች። ሰው መዳፉን በብረቱ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ያ ምት ወደ ውኃው ገብቷል። የታችኛው መስመር የሙሽሪት ነው። የላይኛው ሰባት ጊዜ ሲመታ የታችኛው ሰባት ጊዜ መልሷል። ዘጠኝ ሲሆን ዘጠኝ። ፈጥኖ ለመጣው ፈጥና፣ ቀስ ብሎ ለመጣው ቀስ ብላ።

«እርስ በርሳቸው ሲገናኙ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል» አለ ኦባንግ። «ወንዱ ከሞተ ወዲህ የሚልክላት አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ ግን ሺህ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ተልኮላታል። አንዱንም አላለፈችም የዝና። ሳትበላ፣ ሳታርፍ ለሁሉም መልሳለች።»

የዝና ሰሌዳውን ነጥቃው ወጣች። ቁጣዋ ከአራት ቀን በኋላ ገና አሁን መቆሚያ አገኘ።

አዳራሹ ውስጥ እድሩ ድንኳን ተክሏል። ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። የዝና መሐል ገብታ ቆመች፤ የምትላቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር በልቧ እየደጋገመች ነው የመጣችው፦ እናንተ ናችሁ የገደላችኋት።

«አልታመመችም ነበር» ብላ ጀመረች። «መዳፋችሁን ስታሳርፉ የልባችሁ ምት ይደርሳት ነበር። ለእያንዳንዳችሁ መልሳለች። አንድ በአንድ። ጉልበቷ ያለቀው በዚያ ነው።»

አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አውቃናለች ማለት ነው!»

«እኔንም? ልጆቼንም?»

«ባንጠይቃት ኖሮስ!» ጋሽ ጥላዬ ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «ብቻዋን ትሞት ነበር እኮ! እግዜር አዳነን፣ ከዚህ ጸጸት አዳነን!»

ሰዎች ተነሥተው የዝናን አቀፏት፣ ያመሰግኗታል። ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ ነበር፤ ለማን ትበለው? እነዚህን ፊቶች እያየች ማለት አልቻለችም። ሰሌዳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች።

እማማ ዘነቡ ከወንበራቸው እጃቸውን ዘረጉላት። ሐሙስ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የመጨረሻዋ ጠያቂ እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ለእኔስ መለሰችልኝ?»

የዝና ሰሌዳውን ዝቅ አድርጋ ፈለገች። ከላይ የአሮጊቷ ልብ አሥራ አንድ ጊዜ መትቷል። ከታች ሁለት ትንንሽ ጭረቶች አሉ፤ ሦስተኛው ተጀምሮ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

«መልሳልዎታለች።»

«ምን አለችኝ?»

ድንኳኑ ሁሉ ይጠብቃል።

«ደህና ነኝ ነው ያለችዎት።»

እማማ ዘነቡ የየዝናን እጅ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቧት።

«ሌላ ምን ትበል ልጄ» አሉ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፤ «ያን ሁሉ እንግዳ ቤቷ አስቀምጣ።»