የጋሽ ወንዳፍራሽ ቀዳሚ ጥላ

የጋሽ ወንዳፍራሽ ሳንባ ከተኙበት ማሽን በላይ፣ በብርሃን ተሥሎ አየር ላይ ይተነፍሳል። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመው ያዩታል። መጀመሪያ የመጡ ሰሞን «ምነው እንዲህ ከሳህ» ብለው ሳንባውን ተቆጥተውት ነበር። አሁን ለምደውታል፤ እንዲያውም ጠዋት ሲገቡ ሰላም ይሉታል።

ይህን የብርሃን ምስል የሕክምና ማዕከሉ ሰዎች «ቀዳሚ ጥላ» ይሉታል። ሳንባ ውስጥ ያለ ዕጢ ሰው በተነፈሰ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሚያቃጥለው ጨረር ማነጣጠር ያለበት ዕጢው አሁን ያለበት ላይ ሳይሆን ከአፍታ በኋላ የሚደርስበት ላይ ነው። ጥላው ደረት ላይ ከሚታሰር መለኪያ ትንፋሹን እየገመተ ከታማሚው ትንሽ ቀድሞ ይተነፍሳል፣ ጨረሩም ጥላውን ይከተላል። ሰውና ጥላ ከተለያዩ ጨረሩ በራሱ ይጠፋል። የጋሽ ወንዳፍራሽ ዕጢ ከልባቸው በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ላይ ተለጥፏል፤ የፀጉር ስፋት ያህል እንኳን መሳት አይቻልም።

ጥላው ደግሞ በእሳቸው ላይ ሲሆን ይስታል። ደህና ሲተነፍሱ ቆይተው ድንገት ደረታቸው ዘለል ይላል፣ ጨረሩም ይጠፋል። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ርብቃ መላ ቅጡ ጠፍቷታል። የሠሩት የባሕር ማዶ ባለሙያዎች ደጋግመው ፈትሸው፣ መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከሰውየው ነው ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ዛሬ የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ የጋሽ ወንዳፍራሽ ሰውነት ከዚህ በላይ ጨረር አይችልም። ሐኪሙ ይህንን ለርብቃ ነግሯት፣ ለሚስትየው የመንገሩን ዕዳ ለእሷ ጥሎላት ወጣ። በልቧ ረገመችው።

እትዬ ስንዱ ማይክሮፎናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጠባቡን ማሽን ክፉኛ ስለሚፈሩ፣ የሚስታቸውን ድምፅ ካልሰሙ ትንፋሻቸው እንደተባረረ ሰው ይቆራረጣል። ወሬው የቤት ወሬ ነው። የፎቁ ኮሚቴ ሊፍቱን ዛሬም አላሠራም፤ የጎረቤት ልጅ ልታገባ ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው ስልሳኛው ፎቅ ሰገነት ላይ ነው።

ርብቃ ማይክሮፎኑን ዘግታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ ዛሬ ካልተሳካ ሌላ ቀን የለንም። ገባዎት?»

እትዬ ስንዱ ትንፋሻቸውን ብቻ በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፤ በእኛ አገር «አዎ» ለማለት እንደምናደርገው። ደረታቸው ዘለል አለ።

ርብቃ እጃቸውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ይህንን ዝላይ ታውቀዋለች፤ ስንት ቀን ሲያስለቅሳት የከረመው እሱ ነው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ምንም አልሆኑም፤ ሚስታቸውን እየሰሙ ነበር። ሊፍቱ አልተሠራም ሲባሉ ሳብ፣ ልጅቷ ልታገባ ነው ሲባሉ ሳብ። ርብቃም ራሷ ቀኑን ሙሉ ስታደርገው ትውላለች፤ ሐኪሙም፣ ተላላኪውም። ሁሉም ስለሚያደርገው ማንም ልብ አላለውም። መሣሪያውን ለሠሩት ደግሞ ትንፋሽ አየር ማስገባትና ማስወጣት ነው። ሰው ለሰው በትንፋሹ መልስ እንደሚሰጥ ማን ይንገራቸው?

ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ገብታ፣ ሚስታቸው ሲያወሩ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ፣ በትንፋሽ እንዳይመልሱ ለመነቻቸው። እሺ ለማለት ሳብ አደረጉ። ርብቃ ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ።

የቀራት አንድ መንገድ ነበር። የእትዬ ስንዱን ድምፅ ከጥላው ጋር አገናኘች። ተቀድቶ የከረመውን ወሬያቸውን ሁሉ አስደመጠችው፤ ሴትየዋ ምን ሲሉ፣ የት ላይ ፋታ ሲወስዱ ባልየው እንደሚመልሱ ጥላው ተማረ። ከዚያ ጨረሩን ከፈተች።

«ወንዳፍራሽ፣» አሉ እትዬ ስንዱ፣ «ለሠርጉ ያንን ግራጫ ኮትህን ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩልህ። ከስተሃል ብዬ ጠበብ አስደርጌዋለሁ።»

ጥላው ሳብ አደረገ። ወዲያው ጋሽ ወንዳፍራሽ ሳብ አደረጉ። ጨረሩ አልጠፋም።

ርብቃ ፈጣሪዋን እየተማጸነች ተመለከተች። ዕጢው እየሟሸሸ፣ እየሳሳ ሄዶ ከምስሉ ላይ ጠፋ። ተሳክቷል ልትል አፏን ስትከፍት የልብ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። የደም ሥሩን ዕጢው ለካ ከውስጥ በልቶት ኖሯል፤ ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘውም ያው ዕጢ ነበር።

ሐኪሞቹ ተሯሩጠው ገቡ፤ ከማሽኑ አውጥተዋቸው መጋረጃ ጋረዱ። ርብቃ እትዬ ስንዱን ማውራቱን እንዳያቋርጡ ነገረቻቸው። የጋሽ ወንዳፍራሽ የደረት መለኪያ አልተፈታም፤ ጥላውም አልጠፋም።

«በደረጃ አትወጣም፣ አይዞህ» አሉ እትዬ ስንዱ። «ያን ኮሚቴ እኔው ራሴ አስጨንቄ ሊፍቱን አሠራዋለሁ። ትሰማኛለህ?»

ጥላው ሳብ አደረገ። የእትዬ ስንዱ ፊት በራ።

ርብቃ መለኪያውን አየች። ከጋሽ ወንዳፍራሽ ደረት የሚመጣው መስመር ቀጥ ብሏል። ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ግርግር ቆሞ፣ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። እጇን የጥላው ማጥፊያ ላይ አሳረፈች።

እትዬ ስንዱ እንባቸውን ሊጠርጉ ዝም አሉ። ጥላውም ዝም አለ። ጠበቁት፤ አልተነፈሰም። ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ወደ ርብቃ ዞሩ።

«እኔ ሳወራ ብቻ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ርብቃ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

እትዬ ስንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉና ስለ ኮቱ ቁልፎች፣ ስለ ድንኳኑ፣ ማን ማን እንደተጠራ ማውራት ጀመሩ። ጥላው ከመስታወቱ ማዶ በየመሀሉ ይመልስላቸው ነበር። ርብቃ እጇን ከማጥፊያው ላይ አነሣች።