በሆዱ የማይተኛው ሹፌር

ሟቹ በሆዱ ተኝቷል። ፊቱ ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል፤ ጀርባው በዘይት ተለውሶ ያብለጨልጫል። ከደረቱ ሥር አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ከዳሌው ሥር ደግሞ ሌላ ተደርጎለት ሆዱ ፍራሹን ሳይነካ ተንጠልጥሏል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየና አፉ መረረው። ሆዱ እንዳይጨነቅ ይህን ያህል የተጠነቀቀ እጅ አፍንጫውን እንዴት ረሳው?

ቀና ሲል «ወገቤን!» አለ። ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ወገቤ» የሚሉት በዚሁ ነው፤ ከወንበር ሲነሳም ከመኪና ሲወርድም ወገቡን ሳይጠራ አይሆንለትም። ሚስቱ የአከርካሪ ሐኪም ፈልግ እያለች ስትነዘንዘው ከርማ፣ በመጨረሻ ራሷ እዚሁ ሰፈር ትልቅ ታፔላ የሰቀለ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛለታለች። የቀጠሮው ካርድ አሁንም ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው።

ሟቹ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሹፌር ነው። የአከርካሪው ዲስክ ተንሸራቶ አልጋ ላይ ከዋለ ሰነባብቷል። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ወጣ ብላ ስትመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘችው። ጩኸቷን ሰምቶ የደረሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም ዘይቱንና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የሕመም ማስታገሻ ሲያይ ጊዜ አልፈጀም፤ ፈረደ። ጀርባውን የምታሸው እሷ፣ ኪኒኑን የምትሰጠው እሷ፤ ማስታመሙ ሲሰለቻት አደንዝዛ፣ በሆዱ ደፍታው ሄደች። ይህንኑ ደጅ ወጥቶ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረ፤ ፖሊሶቹም ሴትዮዋን ይዘው ሄዱ። ቀብሩ በማግስቱ ነው። ይህ የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ መቃብሩ አጠገብ ድርሽ እንዳትል ብሎ ምሏል።

መርማሪው ጣቢያ ሄዶ አነጋገራት። እንባዋ አልቆ ዓይኗ ደርቋል፤ ስለ እስሩ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«ልቅበረው ብቻ» አለች። «ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«እንዴት ነበር የሚያሹት?»

«ወንበር አዙሬለት መደገፊያውን አቅፎ ይቀመጣል። በሆዱ መተኛትማ የማይታሰብ ነው፤ ገና ወደዚያ ሲዞር ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። ዛሬም አሽቼው፣ በጀርባው አስተኝቼው ነው የወጣሁት።»

የት ሄደው ነበር ሲላት የባሏን ነገር ከሥሩ አጫወተችው። ሹፌር መንገዱ ተቆርጦ እንደሆነ የሚጠይቀው አብሮት የሚሄደውን አይደለም፤ ከወዲያ የሚመጣውን ነው፤ መብራት አብርቶ ያስቆመዋል። ባሏ ሐኪም ሲፈልግም ያው ነበር። ወንድሙ የዚያ ባለ ትልቅ ታፔላ ሐኪም ክሊኒክ ደጅ ወረፋ የያዙትን ጠይቆ፣ ሁሉም እጁ መድኃኒት ነው ሲሉት በደስታ እየሮጠ መጣ። ሹፌሩ ግን «እነዚህ ገና ሂያጆች ናቸው፤ ተመላሹን አምጡልኝ» አለ። እሷም ቤት ለቤት ስትጠይቅ ከርማ ከኋላ መንደር በዚያው ሐኪም ቀዶ ጥገና የተደረገላት አንዲት ልብስ ሰፊ አገኘች። ለባሏ ስትነግረው ዛሬውኑ አምጫት፣ እኔም አንድ እንግዳ እጠራለሁ አላት።

«እንግዳው ማን ነበር?»

«ስትመጪ ታይዋለሽ አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ነው የምትሰፋው። የሹፌሩ ሚስት ልትወስዳት መምጣቷን፣ ወንበሩ ድንጋይ ላይ እየተቀረቀረ ብዙ መዘግየታቸውን መሰከረች። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጥፋቱ የአጥንትሽ ነው ስላላት እሷም አምና፣ በራሷ አፍራ መስኮቷን ዘግታ ተቀምጣ ኖሯል። ያሳፈረው ሰው ታፔላውን በመብራት አስውቦ ይኖራል፤ ያፈረችው መስኮቷን ትዘጋለች። መርማሪው ከእሷ ወጥቶ ወደ ወንድምየው ሄደ።

ወንድምየውን ሲያገኘው ሰው ጀርባውን ሲታሽ እንዴት ነው የሚተኛው ብሎ ጠየቀው።

«በሆድ ዝርግት ብሎ ነዋ» አለው። ወንድሙ ሲታሽ ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም።

ክሊኒኩ ደጅ ያለው አግዳሚ ራጃቸውን ባቀፉ ሕመምተኞች ሞልቷል። ሐኪሙ ሽቶ ሽቶ የሚሸት፣ እጁ የለሰለሰ ሰው ነው። በሹፌሩ ሞት እጅግ ማዘኑን ተናገረ። ሹፌሩ ጠዋት የደወለለት የቀዶ ጥገናውን ቀን ሊያረጋግጥ እንደነበር፣ እሱ ግን ቤቱን ረግጦት እንደማያውቅ አስረዳ። ሚስቲቱ በሆዱ አስተኝታ ስታሸው ታፍኖ ይሆናል፤ ያልተማረ እጅ እንዲህ ነው አለ።

መርማሪው ካርዱን ከኪሱ አወጣ።

«እኔም የእርስዎ ነኝ፤ ወገቤ ገደለኝ። ሚስቴ ልሽህ ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልተኛላት?»

ሐኪሙ ፊቱ በራ። ስለ ራሱ ዝና እያወራ፣ እጁን እንኳ ሳያይ ሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለለ። መርማሪውን አልጋው ላይ በሆዱ አስተኝቶ አንዱን ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌው ሥር ሸጎጠለት።

«ሆድ መጨነቅ የለበትም» አለና መዳፉን ጀርባው ላይ አሳረፈ።

መርማሪው በሆዱ እንደተኛ ጸጉሩ ቆመ። ያ እጅ ከላዩ እስኪነሳ ድረስ ትንፋሹን ያዘ። ቤቱ ሲገባ ሸሚዙን አውልቆ ጣለው።

በማግስቱ ጠዋት ከቀብሩ በፊት ሁሉንም ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሰበሰባቸው። ሚስት በፖሊስ ታጅባ መጣች። ዋርሳዋ ጥቁር ለብሶ ፊቱን አዞረባት። ልብስ ሰፊዋ በወንበሯ፣ ሐኪሙ በነጭ ጋዋኑ ቀረቡ። ሕመምተኞቹ ውጡ ቢባሉም ወረፋ እንዳያልፋቸው ፈርተው ካግዳሚው አልተነሱም።

«ሹፌሩ ነፍሱን እያወቀ በሆዱ አይተኛም» ብሎ ጀመረ መርማሪው። «ስለዚህ መጀመሪያ ደንዝዟል። አስከሬኑን የመረመሩት ጭኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አግኝተዋል። ኪኒን ደግሞ ቀዳዳ አይተውም። ገዳዩ ቀጥሎ ዘይት ቀባውና ገለበጠው፤ ስታሸው አፈነችው እንዲባል። ግን ሚስቱ የምታሸው ወንበር ላይ አስቀምጣ ነው። ገዳዩ ይህን አያውቅም።»

ወንድምየው አመዱ ቡን አለ። «እኔም አላውቅም ነበር።»

«አታውቅም። አንተ ግን ዝርግት ብሎ ነው ያልከኝ። ገዳዩ ደረቱንና ዳሌውን በብርድ ልብስ ደግፎ ሆዱን አንጠልጥሎታል። እንዲህ የሚተኛው ጀርባው በቢላ የሚከፈት ሰው ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ሰው ሊገድል ገብቶም እጁ የለመደውን ሠራ። ትናንት እኔንም እንደዚያው አስተኝቶኛል።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ይህን ማንኛዋም የቀዶ ጥገና ነርስ ታውቀዋለች።»

«እውነት ነው። ሹፌሩ ግን ነርስ አልጠራም። ከስልኩ የወጣው የመጨረሻ ጥሪ ወደ እርስዎ ነበር፤ እንግዳው እርስዎ ነዎት። ነርስዎን ጠይቄያታለሁ። ለቤት ጥሪ ብለው ማደንዘዣ ይዘው ወጥተዋል።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ነርስ መሬት መሬት ታያለች። የሐኪሙ ፈገግታ ጠፋ።

«የተማሩት የእጅና የእግር ስብራት ነው» አለ መርማሪው። «አጣርቻለሁ። ከአከርካሪ ሕክምና በወጉ የሚያውቁት ማስተኛቱን ብቻ ነው። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ ሹፌሩ ግን የራሱን ሞት ጠይቆ አመጣ። ከእኚህ ሴት ጋር ፊት ለፊት ሊያገናኝዎ ነበር፤ ቀድመዋቸው ደረሱ።»

ሐኪሙ ልብስ ሰፊዋን አላያትም። ያየው አግዳሚውን ነው።

«ስሜን ሊያጠፋው ነበር» አለ። «ታፔላህን አውርድ አለኝ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን ስም!»

 መርማሪው ምራቁን ለመትፋት ፈልጎ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዋጠው። ፖሊሶቹ ሐኪሙን ይዘው ሲወጡ የሽቶው ሽታ እዚያው ቀረ።

ወንድምየው የወንድሙ ሚስት እግር ላይ ወደቀ። እሱ ነው ሐኪሙን ያገኘው፤ እሱ ነው የመሰከረለት፤ እሷን ለሰው አፍ የሰጣትም እሱ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እሷም ተነስ አላለችውም።

ያን ጊዜ ካግዳሚው ራጅ ያቀፈች አንዲት እናት ድምጿን አሰማች።

«ታዲያ የእኛ ቀጠሮ እንዴት ሊሆን ነው? ተመልሶ የሚገባው መቼ ነው?»

 የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊዋን ከነወንበሯ እየገፋች አግዳሚው ፊት አቆመቻት።

«ባሌ ሲፈልጋት የነበረችው ተመላሽ ይቺውላችሁ» አለች። «ጠይቋት።»

 እናትየዋ የልብስ ሰፊዋን እግር አየች፤ ራጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እዚህ ሲመጡ በእግርዎ ነበር?»

«በእግሬ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ወገቤን ብቻ ነበር ያመመኝ።»

መርማሪው ካርዱን አውጥቶ ቀደደው። ሚስቲቱ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አሁን ልቅበረው» አለችና ወጣች። ዋርሳዋ ከመሬት ተነስቶ ራቅ ብሎ ተከተላት። ከአግዳሚው የተነሱትም አንድ በአንድ ራጃቸውን እንዳቀፉ ከኋላዋ ሄዱ።