የአቶ የሺዋስ የቪየና ጉዞ

አቶ የሺዋስ ተሰማ የሞቱት ለበረዶ አገር የተገዛላቸውን ወፍራም ጥቁር ካፖርት እንደለበሱ፣ አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ነው። ዕለቱ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ዘጠኝ ነበር። የተቆለፈ ሻንጣቸው ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት የሚነሳው አውሮፕላን ቪየና ሊያደርሳቸው፣ የፈረንጆቹንም ገና እዚያ ሊያሳልፉ ነበር።

ለፖሊስ የደወሉት ጎረቤታቸው ባለሱቁ አቶ ዚያድ ናቸው። ኢንስፔክተር ዲንቄ መገርሳ አቃቂ፣ የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ስትደርስ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ልባቸው ደካማ ነበር ይባላል» አለች ዲንቄ። «ፖሊስ ለምን አስፈለገ?»

«የሺዋስ ሠላሳ ዓመት ሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ነው። ድመት ስታልፍ ይነቃል። ያውም በዛሬ ቀን! ጠዋት ሻንጣውን አብረን ስንመዝን እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርገው። ምሳ በልቶ እንደ ድንጋይ የሚተኛበት ምክንያት የለውም።»

«ጠዋት ተጣልታችኋል የሚሉ አሉ።»

«ተጣልተናል። በዚህ ዕድሜህ በረዶ ይገልሃል፣ ይቅርብህ አልኩት። ድምፁን ሳልሰማ አልሞትም አለኝ።»

ድምፁን ያሉት የወንድ ልጃቸውን የፍቅርተማርያምን ነው። ፍቅርተማርያም ቪየና ከሄደ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አምስቱን ዓመት በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሥራዬ ሌሊት ነው፣ ስልኬም ተበላሽቷል እያለ አጭር መልእክት ብቻ ይልካል። አባት ሲጨንቃቸው ፋብሪካው ውስጥ አብሯቸው ለሠራ ኸርበርት ለሚባል ኦስትሪያዊ መካኒክ ጻፉ። እሱም ለገና ቤቴ ይምጡ ብሎ የግብዣ ደብዳቤ ላከላቸው።

አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው ሥርጉት ቱሉ ዲምቱ ትምህርት ቤት ሕፃናት ታስተምራለች። ዲንቄ ስታነጋግራት ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«አሥር ሰዓት ላይ ስገባ እያንኮራፋ ነበር» አለች። «አባዬ አንኮራፍቶ አያውቅም። ግን ከመንገዱ በፊት ይረፍ ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁለት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልቀሰቅሰው ስገባ ቀዝቅዟል።»

«ከምሳ በኋላ ማን ነበር ቤት ውስጥ?»

«ባለቤቴ ጌዲዮን። ለምሳ መጥቶ ነበር።»

ጌዲዮን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ትንሽ ኪዮስክ አለው። ጠያቂዎች ወደ ውስጥ ይዘው የማይገቡትን ስልክ እሱ ጋ ያስቀምጣሉ። ዝምተኛና ሰው የሚወደው፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው።

«ጋሼ በላይ በላዩ ልብስ ይለካሉ፣ ያወልቃሉ» አለ። «ደክሟቸው ነበር። ሐጀራ ለልጃችን የላከችውን ወተት ጠጥተው ተኙ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

ሐጀራ የአቶ ዚያድ ባለቤት ናት። ወተቱ በግማሽ ጎድሎ ከአልጋው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጌዲዮን ይህን ሲናገር አቶ ዚያድ አንገታቸውን ደፉ።

ዲንቄ ብቻዋን ወደ ወጥ ቤት ገባች። በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ሳይታጠብ ሳፋ ውስጥ ተከምሯል። አንድ የፕላስቲክ ኮዳ ብቻ ጥርት ብላ ታጥባ ተደፍታለች። ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሳ ሟቹ ላይ አጎነበሰች። በጥቁሩ ካፖርት ኮሌታ ላይ የደረቀ ነገር አለ፤ መልኩ አመድማ፣ ሲነካ እንደ ዱቄት የሚፈርስ።

ከትራሱ ሥር ደግሞ የጉዞ ደብተራቸውን አገኘች። እያንዳንዱ ቀን በጥንቃቄ ታቅዷል። «ታኅሣሥ አሥር፦ መድረስ። ኸርበርት ይቀበለኛል። አሥራ አንድ፦ የፍቅርተማርያምን ቤት መፈለግ። ወፍራም ካልሲ አለመርሳት። ሃያ አንድ፦ ቪዛው ያበቃል፣ መመለስ።» ከኸርበርት ደብዳቤዎች የቀዱት የብርዱ መጠንና ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓትም አለ። ከዚያ በታች እንዲህ ተጽፏል፦ «ሁለት የበረዶ ወቅት አለፈ። ልጄ አንድ ቀን እንኳ በረደኝ አላለም። ለምን?»

ዲንቄ የሟቹን ስልክ ተቀብላ የሁለቱን ዓመት መልእክት እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ማንንም ሳትናገር ወደ ቃሊቲ ነዳች።

በስምንተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ ሥርጉትን፣ ጌዲዮንን፣ አቶ ዚያድንና ሐጀራን ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የሆስፒታሉ ውጤት መጥቷል» አለች። «አቶ የሺዋስን የገደላቸው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ደካማ ልብ አልቻለውም። መድኃኒቱ የሟች ባለቤታቸው ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ካርቶን ባዶ ነው።»

ሐጀራ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ወተቱን የላክሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ወተቱን አልጠጡም። የነቢያት ጾም ነው፤ አቶ የሺዋስም ጾም የሚፈቱ ሰው አልነበሩም። አቶ ዚያድ፣ እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር።»

«አርባ ዓመት አብረን ኖረናል» አሉ አቶ ዚያድ። «የሱን ጾም ከኔ ጾም እኩል ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጌዲዮን ተሳስቶ ይሆናል ብዬ። በለቅሶ ቤት ሰው ላይ ጣት አይቀሰርም።»

ዲንቄ ወደ ጌዲዮን ዞረች። «ሆዳቸው ውስጥ የተገኘው በሶ ነው። ኮሌታቸው ላይም ደርቋል። በሶ ጾመኛ ይጠጣዋል። ውሃ በጠፋበት ቤት፣ ያ ሁሉ ዕቃ ተከምሮ፣ በሶ የተበጠበጠበት ኮዳ ብቻ ታጥቧል። ከምሳ በኋላ እዚህ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ወተቱንም ያጎደልከው አንተ ነህ።»

«ለምን ብሎ?» አለች ሥርጉት። «አባዬን እንደ አባቱ ነበር የሚያየው።»

«እኔም እሱ ነው ያስቸገረኝ። መልሱን ያገኘሁት አባትሽ ደብተር ላይ ነው። ቪየና ያለ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ብርድ አይጽፍም። መልእክቶቹ ደግሞ የሚመጡት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ሌሊት ሠራተኛ በሌላው ቀን አንድ ደቂቃ አያጣም። ቅዳሜና እሁድ ምን እንዳለ የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የእስረኛ መጠየቂያ ነው። ሄጄ መዝገቡን አየሁ። ፍቅርተማርያም የሺዋስ የሚባል ታራሚ አለ። ጠያቂው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጌዲዮን።»

ሥርጉት ባሏን አየችው።

«ከኦስትሪያ መልሰውት ነው» አለ ጌዲዮን፣ በዝግታ። «ባዶ እጄን አባቴ ፊት አልቆምም ብሎ ሳሪስ ቤት ተከራየ። በሦስተኛው ወር መጠጥ ቤት ተጣላ፤ የመታው ሰው ሞተ። አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ከዚያ በሚፈታ ሰው አስልኮ ኪዮስኬ ድረስ አስጠራኝ። አባዬ እንዳይሰማ ብሎ አስማለኝ። ቃሉን እየነገረኝ በእሱ አካውንት እኔ እጽፍ ነበር።»

«ለእኔስ?» አለች ሥርጉት።

«አንቺ ሰምተሽ ለአባትሽ ሳትነግሪ ታድሪ ነበር?»

ሥርጉት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ኤምባሲው ይከለክላቸዋል ብለን ነበር፣ ስንቱን ይከለክል የለ። እሳቸውን ፈቀደላቸው። እዚያ ደርሰው የልጃቸውን በር ሲያንኳኩ፣ በዚያ ብርድ፣ በሰው አገር፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም ሲሏቸው ታየኝ። አውሮፕላኑ ብቻ ቢያመልጣቸው ብዬ ነው። ምን ያህል እንደሚበቃ አላውቅም ነበር።»

«እሱ አዞህ ነው?» አለች ዲንቄ።

«እንዳይሄድ አድርግልኝ ብቻ ነው ያለኝ። እንዴት እንደሆነ አያውቅም። መሞታቸውንም አያውቅም።»

«ወተቱንስ?» አሉ አቶ ዚያድ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ሚስቴን ለምን አስገባሃት?»

ጌዲዮን ተነስቶ እጆቹን ለካቴና ዘረጋ። በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ሲወስዱት ሥርጉት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ዲንቄ አጠገቧ ቆየች።

«ለወንድምሽ እንዲነገረው ማድረግ እችላለሁ» አለቻት።

«መርዶ ፖሊስ አይናገርም» አለች ሥርጉት። «እኔ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቷ ሚኒባስ ይዛ ቃሊቲ ወረደች። መንገዱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የባሏ ኪዮስክ ተዘግቷል፤ ስልኳን ሌላ ቦታ አስቀምጣ ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ፍቅርተማርያም ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ከስቶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ መጣ። ጌዲዮንን ነበር የሚጠብቀው። እሷን ሲያይ ዓይኑ ከፊቷ ሊነቀል አልቻለም።

«አባዬ አወቀ?» አላት።

«አላወቀም» አለችው።

ፍቅርተማርያም ግንባሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን» አለ። ቀና ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥቁር ልብሷን ያየውም ያኔ ነው።